ለ«ወለተ ማይ» መልክ ላበጀች ሠዓሊ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ውድ ወዳጆቼ፣ ለበርካታ ዓመታት ስጽፈው የቆየሁት ምናባዊ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችው «ወለተ ማይ» ባለፈው ሳምንት በሥዕል ተሠርታ እጄ ገብታለች። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ሥዕሉን የሠራችልኝን ወጣት ሠዓሊ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም እንደ እኔ ከራሳቸው ምናብ ያፈለቁትን ገጸ ባሕርይ በሥዕል ማየት ለሚሹ ደራስያን፣ የኮሚክ አዘጋጆችና የጌም ሠሪዎች ሥራዋን ለመጠቆም ነው።

ወለተ ማይ ስድሳ ዓመት ያለፋት ባልቴት ናት። በመጽሐፌ ውስጥ ያለው ሐይቅ የጣናን ያህል የሰፋ፣ ደሴቶቹ ግን በየሌሊቱ ቦታ የሚለዋወጡበት ሐይቅ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሰው ማሻገር የምትችለው እርሷ ብቻ ናት፤ የሐይቁ ካርታ በአንገቷ ላይ የተነቀሰ ስለሆነ ደሴቶቹ ሲንቀሳቀሱ የንቅሳቱም መስመሮች አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ለዚህ ሐሳብ መነሻ የሆነኝ የአያቴ አንገት ነው። አያቴ እንደ ብዙዎቹ የዘመኗ ሴቶች አንገቷንም ድዷንም የተነቀሰች ነበረች፤ በልጅነቴ ጭኗ ላይ ተኝቼ እነዚያን ክብ መስመሮች በጣቴ እየተከተልሁ ወዴት እንደሚያደርሱ እጠይቃት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ሥራ ለሌላ ሠዓሊ ሰጥቼ ነበር። ሥዕሉ በቀጠሮው ቀን ደረሰኝ፤ የእጅ ሥራውም ንጹሕ ነበር። የተሣለችው ሴት ግን የሃያ ዓመት ኮረዳ ነበረች፤ ደረቷን የብረት ጥሩር ሸፍኖታል፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ሰይፍ ይዛለች፣ ንቅሳቱም ለጌጥ ያህል በአንገቷ ላይ ጣል ተደርጓል። ምክንያቱን ስጠይቀው አሮጊት በሽፋን ላይ ከወጣች መጽሐፉን የሚገዛው እንደማይኖር ነገረኝ። ስለ ገበያው ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ያቺን ሴት አላውቃትም ነበር። ከከፈልሁት ገንዘብ ይልቅ የጎዳኝ፣ ይህን ያህል ዘመን በልቤ ይዤአት የኖርሁት ሴት ለሌላ ሰው ጨርሶ ላትታይ ትችላለች የሚል ጥርጣሬ ነው፤ በዚህም ምክንያት ለወራት ብዕሬን ማንሣት አቃተኝ።

የአሁኗን ሠዓሊ ያገኘኋት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠቁሞኝ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ሥዕል የተማረች ስትሆን፣ አሁን በአብዛኛው በታብሌት ላይ ፕሮክሪዬት በተባለ የሥዕል መተግበሪያ ትሥላለች። የምፈልገውን በአንድ ገጽ ጽፌ ስልክላት፣ ሥራውን ለመቀበል ከመወሰኗ በፊት ወለተ ማይ የምትገኝባቸውን ምዕራፎች ማንበብ እንደምትፈልግ ነገረችኝና ሦስት ምዕራፎች ላክሁላት። በአምስተኛው ቀን ሃያ ሦስት ጥያቄዎች መጡልኝ። ስለ ዋጋ ገና አንድም ቃል አልተነጋገርንም ነበር።

ስድስተኛው ጥያቄ «መምህር፣ ንቅሳቱን የተነቀሰችው በስንት ዓመቷ ነው?» ይላል። አስቤበት አላውቅም ነበር። ሠዓሊዋ እንዳስረዳችኝ በልጅነት የተነቀሰ ንቅሳት ከዕድሜ ጋር ጥቁረቱን እየለቀቀ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል፤ ጠርዙ እየሰፋ ይደበዝዛል፤ አንገት ሲሸበሸብም መስመሩ በእጥፋቶቹ መካከል ይሰበራል። ታዲያ የሐይቁ ካርታ በየሌሊቱ የሚታደስ ከሆነ በአሮጊቷ አንገት ላይ የሚታየው መስመር ትኩስ ነው ወይስ ያረጀ? በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ጊዜ በስልክ ረዘም አድርገን ከተወያየን በኋላ፣ ያለፉት ሌሊቶች መስመሮች ከቆዳዋ ሳይጠፉ እየደበዘዙ እንዲቀሩና የዛሬው ሌሊት መስመር ብቻ ጥቁር እንዲሆን ተስማማን። አሁን በሥዕሉ ላይ የወለተ ማይን አንገት ቀርቦ የሚያይ ሰው የአርባ ዓመት ጉዞዋን ተደራርቦ ያገኘዋል። እኔም ይህን ካየሁ በኋላ ሁለተኛውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ፤ የሠዓሊዋ ሐሳብ ከእኔ ስለበለጠ።

ስለ ታንኳው የነበራትን ጥንቃቄም ልጥቀስ። በጽሑፌ ውስጥ ወለተ ማይ በሰፊ መቅዘፊያ እንደምትቀዝፍና ታንኳዋን ሌሊቱን ሙሉ ውኃው ላይ አስራ እንደምታሳድር ጽፌ ነበር። ሠዓሊዋ ባሕር ዳር በሄደችበት ጊዜ ያነሣቻቸውን ፎቶግራፎች አሳየችኝ፤ የደንገል ታንኳ የሚቀዘፈው በረጅም ቀጭን ዘንግ ነው፤ ደንገሉም ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። ስህተቴን ያረመችው እንደ ታናሽ እህት በትሕትና ነው፤ «መምህር፣ በእርስዎ ሐይቅ ላይ ደንቡ ሌላ ከሆነ እንደጻፉት እሠራዋለሁ» አለችኝ። ሌላ ደንብ አልነበረኝም፤ ባለማወቅ የጻፍሁት ነበርና አስተካከልሁት።

ነጠላዋም እንዲሁ ነው። በሐዘን ጊዜ ነጠላ የሚለበሰው ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ወደ ፊት ተደርጎ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሠዓሊዋ «ወለተ ማይ ሐዘን ላይ ናት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎን፣ ሐዘን ላይ ናት፤ ይህን ግን በላክሁላት ምዕራፎች ውስጥ በግልጽ አልጻፍሁትም ነበር።

ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ዐይኖቿ ነው። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ «በሦስቱም ምዕራፎች ውስጥ ወለተ ማይ አንድ ጊዜ እንኳ ቁልቁል ወደ ውኃው አትመለከትም፤ ለምን ይሆን?» የሚል ነበር። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ፤ ምክንያቱም ወለተ ማይ በወጣትነቷ አንድ መንገደኛ ስታሻግር ሆን ብላ ታንኳውን ገልብጣ አስጥማዋለች፤ አንባቢ ይህን የሚያውቀው በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ ነው። የእጅ ጽሑፉን ካነበቡት ወዳጆቼ አንዱም ቀደም ብሎ አልጠረጠረም ነበር። ምስጢሩን ለሠዓሊዋ ነገርኋት።

ከሳምንት በኋላ የላከችልኝ ማብራሪያ እስከ ዛሬ ስለ ሥዕል ከሰማኋቸው ሁሉ የሚልቅብኝ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለት ዐይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ፤ አጋንንትና ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ብቻ ይሣላሉ። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ሁለት ዐይኖቻቸውን ከፍተው ቁልቁል የሚመለከቱን በዚህ ልማድ ነው። ሠዓሊዋ «ወለተ ማይ ቅድስት ስላልሆነች የቤተ ክርስቲያኑን አሣሣል አልቀዳም፤ ነገር ግን እነዚህን ሥዕሎች እያየ ያደገ ሰው ስለ ዐይን ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ያንን እውቀቱን ልጠቀምበት» ስትል ጻፈችልኝ። ስለዚህም ፊቷን በጥቂቱ አዘንብላ፣ ሁለተኛውን ዐይን በነጠላው ጥላ ውስጥ አኖረችው። ዐይኑ አለ፤ ቀርቦና ታግሦ ለሚመለከት ይታያል፤ ከሩቅ ላየ ግን ሴቲቱ ባለ አንድ ዐይን ትመስላለች።

ሥዕሉን መጽሐፉን ለማያውቁ ሦስት ሰዎች ያለ ምንም ማብራሪያ አሳየኋቸው። አንደኛዋ ጎረቤቴ «እንዴት ያለች ደግ እናት ናት» አለች። የእኅቴ ልጅ ፈራኋት አለኝ። ሦስተኛው ሰው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከተመለከተ በኋላ ምን እንደሠራች ጠየቀኝ። ከዚህ የበለጠ ልመኝ የምችለው ነገር አልነበረም።

የቆዳዋን ቀለም በተመለከተ፣ የምሽት ብርሃን ላይ ያለ ጥቁር ፊት ጥላው በግራጫ ሲሠራ አመድ የነፋበት እንደሚመስል፣ በዚህም የተነሣ ጥላውን በጠቆረ ቀይና በጠቆረ ሰማያዊ እንደምትገነባ አስረድታኛለች፤ ውጤቱ ሙቀት ያለው፣ ሕይወት ያለው ገጽ ነው።

አሁን ሥራ ለመስጠት ለምታስቡ የሚጠቅመውን ልናገር። ውሉ አንድ ገጽ ብቻ ቢሆንም ምንም ነገር ያልተነካበት አልነበረም። ለአንድ ሙሉ ሥዕልና ገጸ ባሕርይዋን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ለሚያሳይ አንድ ተጨማሪ ገጽ በድምሩ 24,000 ብር ተስማማን፤ ክፍያውም በሦስት ተከፍሎ 8,000 ብር በቀብድ መልክ፣ 8,000 ብር ንድፉ ሲጸድቅ፣ ቀሪው 8,000 ብር ርክክብ ላይ በቴሌብር ተፈጸመ። መጀመሪያ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ስምንት ትንንሽ ንድፎች ላከችልኝ፤ አቀማመጡን ከመረጥሁ በኋላ በመስመር የተሠራውን ትልቁን ንድፍ አጸደቅሁ፤ ቀለም የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለም ከገባ በኋላ ሁለት ጊዜ ማሻሻያ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅ ለውጥ ተጨማሪ ክፍያ ያስከትላል። ይህ ገደብ ተገቢ መሆኑን ሥራው ሲሠራ አይቼ አምኜበታለሁ፤ አቀማመጡ ቀለም ከገባበት በኋላ ይቀየር ማለት የሳምንታት ድካምን ከመሠረቱ ማፍረስ ነው።

ስለ መብትም ተነጋግረናል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪ የሆነ ሰው አመንጪነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብት አለው። እኛም ሥዕሉን በመጽሐፉ ሽፋንና በማስታወቂያው ላይ እንድጠቀምበት፣ ስሟ በሽፋኑ የውስጥ ገጽ እንዲጻፍ፣ እርሷም መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ሥራውን ለሌሎች ማሳየት እንድትችል በጽሑፍ ተስማምተናል። ሥዕሉን ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ያላያያዝሁት መጽሐፉ ገና ስላልታተመ ነው።

ሥራው በስድስት ሳምንት እንዲያልቅ ታቅዶ ስምንት ሳምንት ወስዷል። በመካከሉ ታማ ነበር፤ ሕመሙ በጀመራት ዕለት አሳውቃኝ፣ አዲስ ቀን ቆርጣ፣ በዚያው ቀን አስረክባኛለች። አስቸኳይ ቀጠሮ ያለው ሰው ግን በእርሷ ዘንድ ሥራ በጥድፊያ እንደማይሠራ አስቀድሞ ይወቅ።

ከርክክብ በኋላ ያደረገችልኝንም አልረሳም። ለኤ3 ወረቀት የሚሆነውን፣ 3508 በ4961 ፒክስል የሆነውን ፋይል ማተሚያ ቤት ወስጄ ሳስወጣ የሐይቁ ሰማያዊ ደብዝዞ ወጣ። ደውዬ ስነግራት፣ በስክሪን ላይ በብርሃን የሚታየው ደማቅ ሰማያዊ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲወጣ እንደሚፈዝ ገልጻ፣ ለኅትመት የተስተካከለ ሌላ ፋይል በማግሥቱ ላከችልኝ። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቀችኝም፤ አስቀድማ ልትነግረኝ ይገባት እንደነበር ተናግራ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ስሟንና ስልክ ቁጥሯን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች፤ በወር ከሁለት ሥራ በላይ ስለማትቀበል መልስ የማትሰጠው መልእክት እንዲበዛባት አትፈልግም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝና በፈቃዷ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉልኝ ስለ ገጸ ባሕርያችሁ ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ወይም ጥቂት ገጾች አብራችሁ ላኩ፤ ያለዚያ ሥራውን አትጀምርም።

እኅቴ ሆይ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ኤ3ው ሥዕል አሁን ከመጻፊያ ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል፤ ትናንት ማታም ወለተ ማይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውኃው የምትመለከትበትን ምዕራፍ ጽፌ ጨርሻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።