የሞላ ላስቲክ በቪትዝ ላይ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ታኅሣሥ ላይ አስገባሁት፣ ነሐሴ ላይ አወጣሁት። የማወራው በኋላ ሞላ ዙሮች መሃል ስለሚሰካው ወፍራም ላስቲክ ነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ «ለየትኛው መኪና?» ብለው ያወጡላችኋል። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይለወጣል።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2007 ቪትዝ ናት። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፣ በሳምንት ሁለቴ ከመርካቶ ወረቀት አመጣለሁ። አንድ ደስጣ ኤ ፎር 2.5 ኪሎ ነው፤ አምስት ደስጣ የያዘው ካርቶን 12.5 ኪሎ፤ አሥራ ሁለት ካርቶን ስጭን 150 ኪሎ። ቪትዝ ባዶዋን አንድ ቶን ገደማ ናት፣ ሞተሯ ፊት ስለሆነ ከዚያ ውስጥ ኋላዋ የሚሸከመው 400 ኪሎ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ 150 ኪሎ ስትጨምሩባት ቁጭ ትላለች። ፍጥነት መቀነሻ ላይ ሆዷ አስፋልቱን ይልሳል። ማታ ደግሞ ፊቷ ቀና ስለሚል መብራቴ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም አበራህ ብሎ ያበራብኛል፣ እኔ ግን አጭር ላይ ነኝ።

መኪና ልቀይር እንዳልል፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ያለችንን ይዘን መኖር ነው። ስለዚህ ላስቲክ።

አገባቡ ቀላል ነው። ልጁ በክሪክ አነሳት፣ እግሯ ሲንጠለጠል የሞላው ዙሮች ተከፈቱ፣ ላስቲኩን የሳሙና ውሃ ቀብቶ በካቻቪቴ እየገፋ ከተተው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም።

የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ብትጠይቁኝ አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር፣ ይህን አልክድም። ወረቀት ጭኜ ከመርካቶ ስመለስ ኋላዋ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሆዷ አይነካም፣ መብራቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። መታጠፊያ ላይም ድሮ መሪውን ካዞርኩ በኋላ ትንሽ ታስብ የነበረችው መኪና አሁን ወዲያው ትታዘዛለች። ወንድሜን አስነድቼው «ስፖርት ሆናለች» አለኝ። እናቴ ብቻ ናት ያልተስማማችው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኋላ ተቀምጣ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ሁለቴ ስትነጥር «ልጄ፣ አህያ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጥከኝ?» አለች። ሳቅን። ዋናውን ነገር ከሁላችን ቀድማ የነገረችን እሷ ነበረች።

ላስቲኩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የሞላ ጥንካሬ በሚሠሩት ዙሮች ቁጥር ይወሰናል፤ ዙሩ ባነሰ ቁጥር ሞላው ይጠነክራል። ስድስት የሚሠራ ዙር ካለው ላስቲኩ አንዱን ሙሉ በሙሉ ቢያስረው አምስት ይቀራል፣ ሞላው በ20 በመቶ ጠነከረ ማለት ነው። ሁለት ላስቲክ ከተተው ሁለቱን ዙር ቢያስሩት 50 በመቶ። «አንድ ተጨማሪ እንክተትበት» ሲሏችሁ ይህን አስቡ። አሞርዛተሩ ግን የተሠራው ለድሮው ሞላ ነው። የጠነከረውን ሞላ ንዝረት የሚገታበት አቅም አልተጨመረለትም፣ የእኔው ደግሞ፣ በኋላ እንደታየው፣ የድሮውም አልነበረውም። ስለዚህ ባዶ ስትሆን ኋላዋ ይነጥራል። ጎማ በነጠረባት ቅጽበት መሬት አልያዘም፤ መሬት ያልያዘ ጎማ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝም።

ሐምሌ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እየወረድኩ ነው፣ ባዶዬን፣ ብቻዬን። ፍጥነቴም የሚያስወራ አልነበረም። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ መታጠፍ እንደጀመርኩ አንድ ሚኒባስ ሰው ለማውረድ ቀጥ አለ። ማንም የሚያደርገውን አደረግኩ፤ እግሬን ከነዳጅ አንስቼ ፍሬን ነካሁ። ፊቷ መሪውን ተከተለ፣ ኋላዋ ግን በራሱ መንገድ ሄደ። ወንበሬ ከሥሬ ወደ ጎን ሲሳብ ይሰማኛል፣ በጎን መስኮቴ ደግሞ ፊት ለፊት ማየት የነበረብኝን ሚኒባስ አያለሁ። የኋላው ግራ ጎማ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መትቶ ቆመች። ሰው አልተነካም፣ ቸርኬው ተጣመመ። የሚኒባሱ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ቀስ በላ ወንድሜ!» አለኝ። ቀስ ብዬ ነበር እኮ።

ጥፋቱ ሁሉ የላስቲኩ አይደለም። ጥሩዎቹን ጎማዎች ፊት አስሬ ያለቁትን ወደ ኋላ ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርጋለን፣ የሚሻለው ግን ተቃራኒው ነው። ቢሆንም ከዚያ ቀን በኋላ ያነበብኩት ሁሉ ወደ አንድ ነገር መለሰኝ። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጪኛው ጎን ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስኑት ፍጥነቱ፣ የመኪናው ክብደት ያለበት ከፍታና በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መሃል ያለው ርቀት ናቸው። ሞላ የሚወስነው የፊቱና የኋላው ድርሻ ስንት ስንት እንደሚሆን ነው፤ የጠነከረው ወገን ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ኋላውን ስታጠነክሩ የውጪው የኋላ ጎማ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፣ የውስጡ ይቀላል። ጎማ ደግሞ ክብደት በእጥፍ ቢጨመርበት የመያዝ ኃይሉ እጥፍ አይሆንም፤ ስለዚህ ሁለቱ ተደምረው የሚይዙት ከድሮው ያንሳል። ወንድሜ «ስፖርት» ያለው ይኸው ነው፦ መኪናዋ ቶሎ የምትታጠፈው ኋላዋ ለመሄድ ስለተዘጋጀ ነው።

ፋብሪካዎች የቤት መኪና ሲሠሩ ቀድሞ የሚለቀው ፊቱ እንዲሆን አድርገው ነው። ፊቱ ሲለቅ የደነገጠ ሰው እግሩን ያነሳል፣ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ ጎማው መልሶ ይይዛል። ኋላው ሲለቅ ግን ያው እግር ማንሳት ኋላውን ይበልጥ ያቀለዋል። እኔ ያደረግኩት ትክክለኛው ነገር ነበር፣ ላስቲኩ ከመግባቱ በፊት ለነበረችው መኪና። አዲስ መኪና ላይ ይህን የሚያርመው ኮምፒውተር አለ፤ አውሮፓ ውስጥ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለሱ አዲስ መኪና አይሸጥም። የእኔዋ የላትም።

ቸርኬውን ጎሚስታ ጋ አስተካክዬ አንድ የቆዩ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ክሪክ እንኳ አላነሱም። የኋላ ጥጓን በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁ። ወጣች፣ ወረደች፣ እንደገና ወጣች፣ ወረደች። «ቆጠርክ?» አሉኝ። «አንዴ ወጥታ ቀጥ ማለት ነበረባት። አሞርዛተሩ ከሞተ ቆይቷል ልጄ፣ አንተ ሬሳ ላይ ሞላ ታጠነክራለህ።» ጎንበስ ብዬ ሳይ በአሞርዛተሩ ገላ ላይ የወረደው ዘይት አቧራ ይዞ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ስምንት ወር ሙሉ አላየሁትም።

አሁን ሁለት አዲስ አሞርዛተርና በፋብሪካው ልክ የሆነ አዲስ ሞላ አለባት፣ ጥሩዎቹ ጎማዎችም ኋላ ናቸው። ላስቲክ የለም። 150 ኪሎውን ስጭን ትንሽ ትወርዳለች፣ ሆዷን ግን አትመታም። ያደከመኝ የሞላ እርጅና ነበር ማለት ነው። ካርቶኖቹንም ግማሹን ከፊት ወንበሮች ጀርባ ወለሉ ላይ እደረድራለሁ፤ ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች መሃል ሲሆን ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። እናቴ አህያዋን ረስታለች።

ላስቲኩን መጥፎ ዕቃ ነው አልልም። አሞርዛተሩ ጤነኛ ከሆነና መኪናው ከጠዋት እስከ ማታ ጭነት ላይ ከዋለ ሥራውን ይሠራል። ቀን ጭኖ ማታ ባዶውን ለሚሄድ እንደ እኔ ላለ ሰው ነው የማይሆነው። ሁለት ኮከብ።

ያወጣሁትን ላስቲክ የጎረቤት ሱቅ ልጅ «ካልፈለግከው ስጠኝ» ብሎኝ ነበር፤ እሱም ቪትዝ ነው የሚነዳው፣ በትርፍ ሰዓቱ ሰው ያመላልስባታል። መጀመሪያ ጥጓን ተጫን አልኩት። ሦስቴ ነጠረች። ላስቲኩ እስካሁን ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ሥር ነው።