«ልጅ በነፃ» ከሚል የጫሞ ጀልባ ፓኬጅ ተጠንቀቁ

በዓል ሲቃረብና ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቴሌግራም የሚዞረውን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ፣ «አዞ ገበያ»፣ ጉማሬ በቅርብ ርቀት፣ ከ5 ዓመት በታች በነፃ። ፎቶውም ያምራል። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ወላጆች ግን ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ጫሞን አትዩ ማለታችን አይደለም። «አዞ ገበያ» በሚባለው፣ የቁልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ከአፍሪካ ትልልቅ ከሚባሉት አዞዎች መካከል የሆኑት ዳር ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ ማየት፣ ጉማሬውን፣ ሻላውን፣ ዓሣ የሚያጠምደውን ንስር ማየት ለልጅም ለአዋቂም ትልቅ ነገር ነው። የምናስጠነቅቀው በዚህ መልክ የሚሸጠውን ጉዞ ነው።

«በነፃ» ከሚለው ቃል እንጀምር። ጀልባ የሚጭነው ሰው ልክ አለው፤ ላይፍ ጃኬትም (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው ልብስ) የሚያዘው በዚያው ልክ ነው። ፓኬጁን የሚሸጠው ደላላ ደግሞ የሚቆጥረው የከፈለውን ሰው ብቻ ነው። ያልከፈለ ልጅ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ መቀመጫም ጃኬትም አይያዝለትም። ለ10 ሰው የተሠራ ጀልባ 10 ከፋይና 4 «ነፃ» ልጅ ይዞ ሲነሳ 14 ሰው ጭኗል። «ልጅ እኮ ቀላል ነው» ይሏችኋል። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ወላጁንም አያስቀምጥም። በቀኝ በኩል አዞ ሲታይ ልጆቹ ይነሳሉ፣ እነሱን ለመያዝ እናት አባት ይነሳል፣ ሌላው ስልኩን ይዞ ይከተላል፣ ጀልባው በአንድ ጎኑ ይዘማል። ከመጠን በላይ የጫነ ጀልባ ውኃ የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ በዚህች ቅጽበት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሁሉም ሰው ከተሳፈረ በኋላ፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ ከውኃው ወለል እስከ ጀልባው ጠርዝ ያለውን በስንዝር ለኩ። ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ሁለት ስንዝር የማይሞላ ከሆነ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ደግሞም ጀልባው የሚከራየው በጀልባ ሒሳብ ከሆነ «ልጅ በነፃ» ማለት ምንም አልተቀነሰላችሁም ማለት ነው፤ ያለ ልጅም ዋጋው ያው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ላይፍ ጃኬቱ። «ለሁሉም ጃኬት አለ» የሚለው መልስ ለወላጅ መልስ አይደለም። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ ምንም ያህል ቢጠብቅ አይሆንም። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከቀሪው ሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ ትከሻው ጠባብ፣ ዳሌው ቀጭን ስለሆነ ጃኬቱን ወደ ታች የሚይዘው ነገር የለም። ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ልጁ በሥሩ ሾልኮ ይወጣል፣ ወይም አፍና አፍንጫው ጃኬቱ ውስጥ ይቀበራል።

የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው። ውስጡ ላይ የተሰፋውን ምልክት ገልጣችሁ አንብቡ። የአሜሪካኖቹ በፓውንድ ነው የሚጻፉት፦ ከ30 በታች፣ ከ30 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 90፤ በኪሎ እስከ 14፣ ከ14 እስከ 23፣ ከ23 እስከ 40 ገደማ ማለት ነው። በአውሮፓ ልኬት የማንሳፈፍ ኃይሉ 50 ኒውተን የሚለው ዋና ለሚችል ሰው ብቻ የተሠራ ነው፤ ዋና ለማይችል ልጅ 100 ወይም ከዚያ በላይ ፈልጉ። ለትንሹ ልጅ ሦስት ነገሮች የግድ ናቸው፦ ጭንቅላቱን ከኋላ የሚደግፍ ኮሌታ፣ በእግሮቹ መካከል አልፎ የሚታሰር ማሰሪያ፣ ከአንገቱ ጀርባ ልጁን ከውኃ የምትጎትቱበት መያዣ። ከውጭ አገር ልጅ ይዛችሁ ለእረፍት የምትመጡ ጃኬቱን እዚያው ገዝታችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱ፤ ቀላል ነው፣ እዚህ በልኩ ለማግኘት ከመድከም ያድናል።

ሙከራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁን አልብሱት፣ ዚፑን ዝጉ፣ ማሰሪያዎቹን በሙሉ አጥብቁ። ከዚያ ጃኬቱን ትከሻው ላይ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ። አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ትልቅ ነው። ማቆለፊያው የተሰበረበትና በገመድ የተቋጠረ፣ ወይም ስፖንጁ ሲጫኑት ተመልሶ የማይነፋ ጃኬት ቁጥር ለመሙላት የተቀመጠ ነው። አትቀበሉት።

እናቶች፣ ይህን በተለይ አጥብቀን እንነግራችኋለን፦ ጀልባ ላይ ሕፃን አትዘሉ። በነጠላም በአንቀልባም ቢሆን ያው ነው። ላይፍ ጃኬት የተሠራው የለበሰውን ሰው በጀርባው አንጋሎ ፊቱን ወደ ሰማይ ለማድረግ ነው። ጀልባው ቢገለበጥ እናትየው በጀርባዋ ትንሳፈፋለች፤ የታዘለው ሕፃን ግን ከሥሯ ውኃ ውስጥ ነው። ደረት ላይ የሚታሰረው ማቀፊያም ጃኬቷን በደንብ እንዳትዘጋ ያደርጋታል፣ ድንጋጤ ውስጥ ቋጠሮ መፍታት ደግሞ አይታሰብም። ለራሱ ልክ የሆነ ጃኬት የሌለው ሕፃን ጀልባ ላይ አይወጣም። በቃ።

ሰዓቱም የስምምነቱ አካል ነው። ፓኬጁ «ከምሳ በኋላ» ወይም «የፀሐይ መጥለቂያ ጉዞ» የሚል ከሆነ ከልጅ ጋር አትውሰዱት። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ከፊት እየመታ ውኃ ይረጫል፣ መመለሻው ከመሄጃው ይረዝማል። አመሻሹ ላይ ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር መውጣት ይጀምራል፣ ቢንቢውም ይነሳል፤ አርባ ምንጭ የወባ አካባቢ መሆኑን አትርሱ። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው፦ ውኃው ጸጥ ይላል፣ አዞዎቹም ለመሞቅ ዳር ይወጣሉ። ደላላው የከሰዓቱን በርካሽ የሚሸጥላችሁ ጠዋት ጀልባዎቹ በሌላ ሰው ስለሚያዙ ነው።

«ጉማሬውን እጃችሁ ድረስ እናመጣላችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ወዲያው እለፉት። ጉማሬ አፉን ሲከፍት እያዛጋ አይደለም፣ ራቁ እያለ ነው። እስከ 5 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ተሰውሮ በማትጠብቁት በኩል ብቅ ሊል ይችላል፤ አንድ ቶን ተኩል የሚያልፍ እንስሳ ከሥር ሲነሳ ትንሽ ጀልባ አይቋቋመውም። ግልገል ያላት እናት የባሰች ናት። ለጉማሬ ቢያንስ 50 ሜትር፣ ለአዞ ቢያንስ 20 ሜትር ይራቅ ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ከነጂው ጋር ተነጋገሩ። ሌላም አለ፦ ጀልባው በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል መቆም የለበትም፣ ምክንያቱም ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ነው፣ መንገዱ ላይ ያለውንም ይዞ ያልፋል። ወንዙ በሚገባበት አካባቢ ውኃው ጥልቀት የለውም፣ ቄጠማውም ብዙ ነው፤ ፕሮፔለሩ ከተጠላለፈ ሞተሩ ይቆማል። ጀልባው ውስጥ መቅዘፊያ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ሞተሩን የሚያጠፋው ጠመዝማዛ ገመድ የነጂው እጅ ላይ መታሰሩንም እዩ፤ ነጂው ቢወድቅ ሞተሩ ራሱ እንዲጠፋ የሚያደርገው እሱ ነው።

በገንዘቡ በኩል የሚደጋገመው ብልሃት ይህ ነው። «ሁሉም ተካቷል» ተብላችሁ ቅድሚያ ክፍያ በግለሰብ ስም በቴሌብር ትልካላችሁ። በሩ ላይ ስትደርሱ የነጭ ሳር ፓርክ መግቢያ አልተከፈለም፣ አስጎብኚው ለብቻ ነው፣ ነዳጅ ጨምሯል ይባላል። ልጆቹ ጓጉተዋል፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ትከፍላላችሁ። ንፋስ ተነስቶ ጉዞው ከቀረ ደግሞ ስልኩ አይነሳም። አንዳንዱ ጀልባውንና በፓርኩ ውስጥ የሜዳ አህያ የሚታይበትን ሜዳ በአንድ ግማሽ ቀን አጣምሮ ይሸጣል፤ ወደ ሜዳው የሚያደርሰው የፓርኩ መንገድ ድንጋያማ ነው፣ ከሕፃን ጋር በግማሽ ቀን ሁለቱን ማድረስ አይሆንም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንዳለ ገልብጣችሁ ላኩላቸው፦

«ጀልባው ስንት ሰው እንዲጭን ተፈቅዶለታል? ልጆችን ጨምሮ ስንት ሰው ይሳፈራል? 12 ኪሎና 18 ኪሎ ለሆኑ ልጆች ጃኬት አላችሁ? ከነምልክቱ ፎቶ ላኩልኝ። ዋጋው በጀልባ ነው በሰው? የፓርክ መግቢያ፣ አስጎብኚና ነዳጅ ተካቷል? በንፋስ ምክንያት ቢቀር ብሩ በስንት ቀን ይመለሳል? ደረሰኝ የሚቆርጠው ማነው?»

በትክክል የሚሠራ ሰው ለዚህ ይመልሳል። «አታስቡ፣ እኛ አለን» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ከተቻለ ያለ ደላላ ሂዱ፦ የፓርኩን መግቢያ ለፓርኩ፣ የጀልባውን ለጀልባ ባለቤቶቹ ከፍላችሁ፣ በሁለቱም ደረሰኝ ተቀበሉ።

ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የእኛ ምክር ጀልባውን ጨርሶ መተው ነው። ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ መጸዳጃ የለም፣ ፀሐዩ ከላይም ከውኃው ላይ እየተንጸባረቀም ይመታል፣ ልጁም ከሃያ ደቂቃ በኋላ መውረድ ይፈልጋል። በምትኩ ከተማው አጠገብ የአዞ እርባታ አለ፤ አዞዎቹ ከጫጩት እስከ ትልቁ በየዕድሜያቸው በአጥር ተለይተው ይታያሉ፣ ልጁ ሲሰለቸው ይዛችሁት ትወጣላችሁ።

ትልልቆቹን ይዛችሁ የምትወጡ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አዋቂ መድቡ፣ ያ አዋቂ ፎቶ አያንሳ። ልጁ ጀልባው መሃል፣ ከሸራው ጥላ ሥር፣ በጉልበታችሁ መካከል ይቀመጥ። ከፊት ጫፍ ላይ ለፎቶ አታስቀምጡት፤ ጀልባው ማዕበል ሲመታ ይበልጥ የሚነሳው ያ ጫፍ ነው። እጅ ውኃ ውስጥ አይገባም፣ የምግብ ትራፊም አይጣል። ለአንድ ልጅ አንድ ሊትር ውኃ፣ ማሰሪያ ያለው ኮፍያ፣ ቅያሪ ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ያዙ፤ ስልካችሁንም እዚያው ላስቲክ ውስጥ ክተቱት።