«16 ቴራባይት» የሚል ፍላሽ በርካሽ ቢቀርብላችሁ እንዳትገዙ

መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ የብረት ቅርፊት የለበሰ፣ «ኤስኤስዲ» (SSD፣ ማለትም በፍላሽ ሜሞሪ የሚሠራ የመረጃ ማከማቻ) የሚል ጽሑፍና «16 ቴራባይት» ወይም «30 ቴራባይት» የሚል ቁጥር የታተመበት ዕቃ በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ በብዛት እየተሸጠ ነው። ዋጋው የታወቀ አምራች የሠራው 1 ቴራባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ከሚሸጥበት እንኳ ያንሳል። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ይህን ዕቃ እንዳትገዙ ለማሳሰብ ነው። ጉዳዩ የጥራት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ፤ ደካማ ዕቃን ዐውቆ በርካሽ መግዛት የማንም መብት ነውና። ይህ ዕቃ ግን የተሰጠውን ፋይል ድምፁን አጥፍቶ ይጥላል፣ እየጣለም ለኮምፒውተሩ «በትክክል ተቀምጧል» የሚል መልስ ይሰጣል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ቴክኖሎጂው በእርግጥም በፍጥነት ስላደገ፣ እውነተኛውን ቁጥር ከሐሰተኛው መለየት ስለሚያስቸግረው ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ የፈለሰፈው «ናንድ» የተባለው የፍላሽ ዓይነት ለሙያው ዓለም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ የዩኤስቢ ፍላሾች የሚይዙት 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ይህም በዛሬ ስልክ ከሚነሡ ጥቂት ፎቶዎች የሚበልጥ ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የጣት ጥፍር በሚያህል ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ 1 ቴራባይት ማስቀመጥ ተቻለ። በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ የታየው ልዩነት ከ100,000 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ይህን ያመጡት በዋናነት ሁለት ለውጦች ናቸው። አንደኛው የሜሞሪ ሕዋሶችን ጎን ለጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም መደርደር መቻሉ ሲሆን፣ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2013 በ24 ደርብ የጀመረው ይህ አሠራር ዛሬ ከ200 ደርብ በላይ ደርሷል። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ሕዋስ ውስጥ የሚቀመጠው የቢት (0 ወይም 1 የሆነ የመረጃ ቅንጣት) ብዛት ከ1 ተነሥቶ 3 እና 4 መድረሱ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ለውጥ የሚያስከፍለው ዋጋ ስላለው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ሻጩን «30 ቴራባይት የሚይዝ ፍላሽ ፈጽሞ የለም» ብላችሁ ብትከራከሩት ትሸነፋላችሁ። አለ። ሶሊዳይም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 61.44 ቴራባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ያወጣ ሲሆን፣ በ2024 ደግሞ የዚህን እጥፍ የሚይዝ አስተዋውቋል። ነገር ግን እነዚህ ለዳታ ማዕከሎች የሚሠሩ፣ በሰርቨር ውስጥ የሚሰኩና ዋጋቸውም ከአንድ ቤተሰብ አቅም እጅግ የራቀ ዕቃዎች ናቸው። ለተራ ተጠቃሚ በተንቀሳቃሽ መልክ የሚሸጡት የታወቁ አምራቾች ኤስኤስዲዎች በአብዛኛው ከ1 እስከ 4 ቴራባይት የሚይዙ ናቸው፤ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው 8 ቴራባይት የሚይዝ ሞዴልም ከትልልቆቹ የሚቆጠር ነው። ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ለሚገዙ ደግሞ ከዚህ የቀለለ መለያ አለ፤ «ኤስዲኤክስሲ» (SDXC) የሚለው ደረጃ የሚፈቅደው ከፍተኛ አቅም 2 ቴራባይት ስለሆነ፣ ይህ ምልክት ታትሞበት ከጎኑ «4 ቴራባይት» የተጻፈበት ካርድ ራሱን በራሱ ያጋልጣል።

ማታለያው የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። በማንኛውም ፍላሽ ውስጥ መረጃው የሚቀመጥባቸው የሜሞሪ ቺፖችና እነርሱን የሚያስተዳድር «ኮንትሮለር» የሚባል ቺፕ አሉ። ኮምፒውተር አዲስ ፍላሽ ሲሰካለት ቦታውን ለክቶ አያረጋግጥም፤ «ስንት ትይዛለህ?» ብሎ ኮንትሮለሩን ይጠይቃል፣ የተሰጠውንም መልስ አምኖ በስክሪኑ ላይ ያሳያል። አጭበርባሪው የሚያደርገው በኮንትሮለሩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ለውጦ ይህን መልስ ማስዋሸት ብቻ ነው። የብረቱን ቅርፊት የከፈቱ ሰዎች ውስጡ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ተራ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ በሙጫ የተጣበቀበት ትንሽ ሰሌዳ ሲሆን፣ የቀረው ባዶ ነው።

የእውነተኛው ካርድ አቅም 64 ጊጋባይት ነው እንበል። ይህ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ነገር ያለ እንከን ይሠራል። ከሞላ በኋላ የሚመጣው መረጃ እንደ ኮንትሮለሩ አሠራር ወይ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ቀድሞ በተቀመጠው ላይ ይጻፋል፣ ወይም የትም ሳይጻፍ ይቀራል። በሁለቱም ሁኔታ የስሕተት መልእክት አይመጣም፤ ኮፒው እስከ መቶ በመቶ ይሄዳል። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚመዘገበው በአብዛኛው በዕቃው መነሻ አካባቢ ባለው እውነተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ፎልደሩን ስትከፍቱ የፎቶዎቹ ስም፣ መጠንና ቀን ሁሉ በየቦታው ይገኛል። ፎቶው ግን አይከፈትም፤ ቪዲዮውም አይጫወትም። ብዙ ገዢዎች ጥፋቱን በኮምፒውተራቸው ወይም በቫይረስ የሚያሳብቡት ለዚህ ነው። ፋይሉ ከመጀመሪያውም ስላልተጻፈ የጠፋ መረጃ የሚያስመልስ ባለሙያ ዘንድ መውሰድም ዋጋ የለውም።

ይህ ውሸት ቶሎ የማይጋለጥበት ምክንያት በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። በሐሰተኛው ዕቃ ውስጥ ያለው ካርድ ቀርፋፋ ነው። በሴኮንድ 30 ሜጋባይት እየጻፈ 16 ቴራባይት ለመሙላት ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ከስድስት ቀን በላይ ያስፈልገዋል። በቤቱ ያን ያህል መረጃ ያለው ሰውም ጥቂት ነው። አብዛኛው ገዢ የተወሰኑ ሰነዶችና ፎቶዎች ጭኖ፣ መሥራቱን አይቶ፣ ዕቃው በደረሰበት ዕለት አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ «በፍጥነት ደረሰልኝ፣ ውብ ነው» የሚለው አስተያየት የዕቃውን መልክ እንጂ አቅሙን አይመሰክርም። እውነቱ የሚወጣው ከወራት በኋላ፣ ዕቃ የመመለሻው ጊዜ ካለፈና ሻጩም ስሙን ለውጦ ሌላ መደብር ከከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ የአስተያየቶቹን ብዛት ትታችሁ አንድ ኮከብ የሰጡትን ፈልጋችሁ አንብቡ። አንዳንድ ጊዜም አስተያየቶቹ ፈጽሞ ስለ ሌላ ዕቃ የሚያወሩ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ ሻጩ ቀድሞ መልካም ስም ባተረፈ ሌላ ዕቃ ገጽ ላይ ፍላሹን ስለተካ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ግን የድሮ ሃርድ ዲስካቸውን ለመተካት በሚገዙት ላይ ነው። ማስታወቂያው «የሃርድ ዲስክ ዘመን አብቅቷል፣ ሁሉንም በአንድ ትንሽ ዕቃ ያኑሩ» ይላል። ገዢውም የዓመታት ፎቶውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሥራ ሰነዱን አዛውሮ፣ የፋይሎቹን ዝርዝር በዐይኑ አይቶ፣ ከዚያ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፎርማት ያደርገዋል ወይም ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የተበላው የዕቃው ዋጋ ከጠፋው ነገር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

በእርግጥ በማስታወቂያው ውስጥ እውነት አለ። ፍላሽ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ራስ ስለሌለው ቢወድቅ እንደ ሃርድ ዲስክ በቀላሉ አይጎዳም፤ ፍጥነቱም የሚወዳደር አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 በትንሽ ሃርድ ዲስክ ይሠራ የነበረውን አይፖድ ሚኒ በፍላሽ በሚሠራው አይፖድ ናኖ ከተካበት ጊዜ ጀምሮ ፍላሽ ከሙዚቃ ማጫወቻ ወደ ላፕቶፕ ተሻግሯል፤ ዛሬ አዲስ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ይዞ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ሃርድ ዲስክ ያልተሸነፈበት ሜዳ ብዙ መረጃን በዝቅተኛ ወጪ ማከማቸት ነው። ሲጌት እ.ኤ.አ. በ2024 30 ቴራባይትና ከዚያ በላይ የሚይዙ ሃርድ ዲስኮችን ያቀረበው ገበያው ስላለ ነው፤ ብዙ ቴራባይት በሚይዙ ዕቃዎች ዘንድ የአንድ ቴራባይት ዋጋ ሲሰላ ሃርድ ዲስክ ዛሬም ከፍላሽ ይረክሳል።

ከዚህ የሚገኘው መለያ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል፣ የቴክኒክ ዕውቀትም አይጠይቅም። የቀረበላችሁን የፍላሽ አቅም አይታችሁ፣ ያንኑ አቅም ያለው የታወቀ አምራች ሃርድ ዲስክ በስንት እንደሚሸጥ ፈልጉ። አዲሱ «ኤስኤስዲ» ከሃርድ ዲስኩ ከረከሰ፣ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ከነገሩ ጦም እደሩ። ሻጩ «የፋብሪካ ቅናሽ ነው» ወይም «ያለ ብራንድ ስለሆነ ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ፤ የሜሞሪ ቺፕ የሚያመርቱት በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ኩባንያዎች ስለሆኑ ብራንድ የሌለው ሻጭም ቺፑን የሚያገኘው ከእነርሱ ነው፤ ከገዛበት በታችም አይሸጥላችሁም።

ዕቃው አስቀድሞ በእጃችሁ ከገባ ምንም ጠቃሚ ነገር ሳትጭኑበት ፈትሹት። የኮምፒውተሩ ስክሪን የሚያሳየው መጠን ማስረጃ አይደለም፤ ፈጣን ፎርማት ማድረግም ሆነ አንድ ፊልም ኮፒ አድርጎ መክፈት አይበቃም። በዊንዶውስ የሚሠራው «ኤች2ቴስትደብሊው» (H2testw) እና በሊኑክስና በማክ የሚሠራው «ኤፍ3» (F3) የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ዕቃውን በሙከራ ፋይሎች ሞልተው መልሰው በማንበብ የተጻፈውና የተነበበው አንድ መሆኑን ያረጋግጣሉ። ጊዜ ይወስዳሉ፣ ሐሰተኛ ዕቃ ላይ ግን የመጨረሻውን ቴራባይት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጥቂት መቶ ጊጋባይት ከጻፋችሁ በኋላ አስቁማችሁ መልሳችሁ ብታስነብቡ ውሸቱ ይወጣል። ጊዜ የሌለው ሰው «ቫሊድራይቭ» (ValiDrive) የተባለውን መጠቀም ይችላል፤ ይህኛው በዕቃው ስፋት ሁሉ የተበታተኑ ቦታዎችን እየመረጠ ስለሚፈትሽ በአጭር ጊዜ መልስ ይሰጣል።

እግረ መንገዴን አንድ ያለ አግባብ የሚነሣ ቅሬታ ላንሣ። «1 ቴራባይት ገዝቼ 931 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ተገኘ» የሚል ገዢ አልተታለለም። አምራቾች ቴራባይትን በአንድ ትሪሊዮን ባይት ሲቆጥሩ ዊንዶውስ በ1,024 ብዜት ስለሚቆጥር የሚመጣ ልዩነት ነው።

አቅሙ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ገዢውን የሚያሳዝን ዕቃም አለ፤ ይህ ማጭበርበር ባይሆንም መታወቅ ይገባዋል። ቀደም ሲል የጠቀስሁት በአንድ ሕዋስ 4 ቢት የማስቀመጥ ዘዴ በሕዋሱ ውስጥ 16 የተለያዩ የኤሌክትሪክ ሙሌት መጠኖችን ለይቶ ማወቅን ይጠይቃል። ስለዚህ መጻፉ ይዘገያል፣ ሕዋሱም የሚችለው የመጻፍ ድግግሞሽ በአንድ ቢት ከሚሠራው እጅግ ያነሰ ይሆናል። አምራቾች ዝግመቱን የሚሸፍኑት የተወሰነውን ቦታ በአንድ ቢት እያሠሩ እንደ መቀበያ በመጠቀም ነው፤ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚታተመው ፍጥነት የዚህ መቀበያ ፍጥነት ነው። የሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ የ1 ቴራባይት ሞዴል መቀበያው ሲሞላ በሴኮንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል፣ ይህም ከተራ ሃርድ ዲስክ ያነሰ ነው። ኩባንያው ይህን በዝርዝር መግለጫው አልደበቀም፤ መግለጫውን የሚያነብ ገዢ ግን ጥቂት ነው።

መረጃ ጭነው በመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ሊያስቀምጡ የሚገዙ ሰዎችም ቢጠነቀቁ ይሻላል። ፍላሽ መረጃን የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙሌት ስለሆነ፣ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ ሙሌቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ድርጅት ለሸማች ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ የተፈቀደለትን ያህል ተጽፎበት ካለቀ በኋላ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ኃይል ለ1 ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ብቻ ነው። አዲስ ዕቃ ከዚህ በጣም ይበልጣል፤ ሆኖም ብቸኛ ቅጂን ለረጅም ዘመን በፍላሽ ላይ ትቶ መርሳት አይመከርም።

ሐሰተኛውን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ከአሁን ጀምሮ ምንም አትጻፉበት፤ አዲስ ፋይል በጨመራችሁ ቁጥር እስካሁን የተረፈው ሊደመሰስ ይችላል። የሚከፈቱትን ፋይሎች ወደ ሌላ ዕቃ ካወጣችሁ በኋላ ብቻ የመፈተሻውን ፕሮግራም አስኪዱ፣ ውጤቱንም ስክሪኑን ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። «እውነተኛ አቅሙን ዐውቄ በዚያው መጠን ልጠቀምበት» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ውስጥ የሚገባው ቺፕ ከየት እንደመጣ የሚታወቅ ነገር የለምና።

ገንዘባችሁን ስትጠይቁ ሻጩ ብዙ ጊዜ «ከፊሉን ልመልስ፣ ዕቃውን ያስቀሩት፣ ቅሬታውን ያንሡልኝ» የሚል መልእክት ይልካል። ይህን ከተቀበላችሁ አቤቱታው እንደተፈታ ተቆጥሮ ሊዘጋ ይችላል፤ መደብሩም ያንኑ ዕቃ ለሚቀጥለው ገዢ መሸጡን ይቀጥላል። አቤቱታውን ለሻጩ በግል ሳይሆን በገበያው የክርክር መስመር ወይም በከፈላችሁበት ባንክ በኩል አቅርቡ፤ ርእሱንም «ዕቃው ተበላሸ» ሳይሆን «ከተገለጸው አቅም በታች የሆነ ሐሰተኛ ዕቃ» በሉት፣ የፈተናውን ውጤት ፎቶም አያይዙ።