ቴምፖው የሚዋልል የድሮ ዘፈን ሪሚክስ ለማድረግ የትኛው ይገዛ? ላይቭና ሪፐር ጎን ለጎን

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች በመኝታ ክፍላቸው ጥግ ትንሽ ስቱዲዮ ያቋቋሙ ወጣቶች ዘወትር አንድ ጥያቄ ያቀርቡልኛል፦ «ጋሼ፣ የድሮ ዘፈን ላይ አዲስ ድራም ስጨምርበት መጀመሪያ ላይ ይገጥምና ከመሃል በኋላ ይለያያል፤ ኤብልተን ላይቭን ልግዛ ወይስ ሌላ ፕሮግራም አለ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥሁ። መልሴን ከወዲሁ ልናገርና፣ ሥራችሁ የድሮ ቅጂን ሪሚክስ ማድረግ ከሆነ እንደ ላይቭ ሁሉ ሙዚቃ መቅጃና ማቀናበሪያ የሆነውን ሪፐርን ግዙ። ላይቭ ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ገንዘብ ያስወጣል፣ አሮጌውን ዘፈን የሚቀበልበት መንገድም ለዘፈኑ አይመቸውም።

ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቴምፖው፣ ማለትም የዘፈኑ ፍጥነት፣ ለምን እንደሚዋልል መለየት አለባችሁ፤ ምክንያቱ ሁለት ነውና። የመጀመሪያው ሰው ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ባቋቋመበት ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ በመጣው የካሴት ዘመን ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ ያለ ክሊክ (ምት እየቆጠረ ፍጥነት የሚጠብቅ ድምፅ) ይጫወት ስለነበር፣ ሳክስፎኑ ሶሎ ሲጀምር ድራመሩ ይፈጥናል፣ ድምፃዊው ሲመለስ ደግሞ ረገብ ይላል። ሁለተኛው ማሽኑ ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መጓዝ ሲገባው ቺንጋው የላላ ቴፕ ያዘገየዋል ወይም ያወዛውዘዋል፤ ሲዘገይም ቃናው ከቴምፖው ጋር አብሮ ይወርዳል። ፍጥነቱ በ3 በመቶ ሲቀንስ ዘፈኑ የአንድ ግማሽ ቶን እኩሌታ ያህል ዝቅ ይላል፤ አዲስ ኪቦርድ ስታስገቡበት ቅኝቱ አልገጥም የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ገንዘቤን በከንቱ አውጥቻለሁ። ካሴትን ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል የተባለ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ የፕላስቲክ ማጫወቻ በ2,800 ብር ገዛሁ፤ ካርቶኑ ላይ የታወቀ ብራንድ ስም ቢጻፍበትም ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ነበር። በእርሱ የገለበጥሁት ረጅም የዋሽንት ድምፅ እንደ ውሃ ላይ ጥላ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ከቤተሰብ የቀረ አሮጌ የካሴት ዴክ ወደ ሳሪስ ወስጄ አንድ ባለሙያ ቺንጋውን ቀየረልኝ፣ ሄዱን በአልኮል ጠረገ፣ የሞተሩንም ፍጥነት በትንሿ ብሎን አስተካከለ፤ የጠየቀኝ 900 ብር ነው። ያንኑ ካሴት እንደገና ስገለብጠው መንቀጥቀጡ ጠፋ፣ ከቴምፖው ችግር ግማሹ ያለ ምንም ፕሮግራም ተቃለለ። ስለዚህ 2,800 ብሩን ለማጫወቻ ከማውጣታችሁ በፊት የቤታችሁን ቴፕ አስጠግኑ፤ ቺንጋ እንደ ላስቲክ ነው፣ ሳይሠራ ቢቀመጥም ይላላል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ላይቭ 12 በሦስት ደረጃ ይሸጣል፤ ኢንትሮ 99 ዶላር፣ ስታንዳርድ 439 ዶላር፣ ስዊት 749 ዶላር ነው። የሪፐር ፈቃድ 60 ዶላር ነው። ሒሳቡ እንዲቀል አንዱን ዶላር በ150 ብር ብናሰላው፣ ኢንትሮ 14,850 ብር፣ ስታንዳርድ 65,850 ብር፣ ስዊት 112,350 ብር ሲሆን ሪፐር 9,000 ብር ይሆናል። የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ከዚህ ውጭ ነው። ኢንትሮ ከሪፐር ብዙም አይርቅም የሚል ሰው፣ በኢንትሮ ከ16 ትራክ በላይ መክፈት እንደማይቻል ይወቅ፤ የድሮውን ዘፈን ድምፅ፣ ድራም፣ ቤዝና ሌላ ብላችሁ በአራት ከለያያችሁት በኋላ አዲስ ድራም በየትራኩ ስትዘረጉ 16ቱ ከቀትር በፊት ያልቃሉ። ሪፐር የትራክ ገደብ የለውም። ሪፐር 225 ዶላር የሚጠይቅ የንግድ ፈቃድም አለው፤ ሆኖም በሥራው በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ለማያስገባ ግለሰብ የ60 ዶላሩ ፈቃድ በቂ ነው። 20,000 ዶላር በዚሁ ስሌት 3 ሚሊዮን ብር ነው፤ በመኝታ ቤት ስቱዲዮ ይህን የሚያገኝ ሰው 225 ዶላሩ አይከብደውም። በተጨማሪም በስሪት 7 ዘመን የተገዛ ፈቃድ ስሪት 8 እስኪያበቃ ድረስ ያገለግላል። ላይቭ ግን እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ2021 እና በ2024 ትልልቅ ስሪቶችን ያወጣ ሲሆን፣ ወደ እያንዳንዱ ለመሸጋገር ለብቻው ይከፈላል።

«ታዲያ ክራክ (ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ) በነፃ እያለ ለምን እከፍላለሁ?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። በ2015 አጋማሽ የአንድ ውድ ፕሮግራም ክራክ በፍላሽ ተጭኖ ከአንድ ሱቅ በ1,500 ብር ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሠራ። በአራተኛው ሳምንት ፕሮጀክት ሴቭ ማድረግ አቆመ፤ ከፍላሹ ጋር የመጣው ቫይረስ የላፕቶፑን ፋይሎች ቆልፎ፣ ከአንድ ባንድ አሮጌ ካሴቶች የገለበጥኋቸውን 11 ዘፈኖች ሥራ አሳጣኝ። ማሽኑን ለማጽዳትና ፋይሎቹን ለማስመለስ ለተደረገው ሙከራ 2,200 ብር ከፈልሁ፤ የተመለሱት አራት ብቻ ናቸው። ወጪው ሲደመር 3,700 ብር ነው። በዚያን ጊዜ የባንክ ምንዛሪ ከ55 ብር በታች ስለነበር የሪፐር ፈቃድ 3,300 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ከካሴቶቹ አንዱ ዳግም ሊጫወት በማይችልበት ሁኔታ ተበጥሶ ስለነበር፣ በላዩ የነበሩት ሁለት ዘፈኖች እኔ ዘንድ ለዘለዓለም ጠፍተዋል፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በአሠራር በኩል የሁለቱ ልዩነት የሚታየው ረጅም ዘፈን ስታስገቡ ነው። ላይቭ በተለመደው አቀማመጡ ዘፈኑን ራሱ አድምጦ ይገምትና ምቱን ወደ ራሱ ግሪድ፣ ማለትም እኩል ወደተከፈለው የምት መስመር፣ ይስበዋል። ለክለብ ሙዚቃ ግምቱ ያስደንቃል። ለችክችካ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ምቱ 6/8 ስለሆነ በደቂቃ 90 የሆነውን ትልቁን ምት ትቶ 135 ብሎ ያነብበዋል፣ ማለትም በአንድ ተኩል ያበዛዋል። ከዚያ በኋላ የምታርሙት የዘፈኑን መዋለል ሳይሆን የፕሮግራሙን ግምት ይሆናል። ዋርፕ የሚባለውን ይህን በራሱ የሚደረግ መሳብ ከምርጫዎቹ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፣ ላይቭን የምትገዙ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አጥፉት። ግምቱ ትክክል በሚሆንበት ጊዜም ዘፈኑን ወደ ቀጥ ያለ ግሪድ መሳቡ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጸናጽሉ ይሟሟል፣ የድምፃዊው እርግብግቢት የውሃ ውስጥ ድምፅ ይመስላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድራመሩ ሆን ብሎ ያመጣው ግለት ይጠፋል።

ሪፐርን የምወድበት ምክንያት ተቃራኒውን መንገድ ቀላል ስለሚያደርገው ነው፤ ዘፈኑ ባለበት ይቆይና ግሪዱ እርሱን ይከተላል። ባለፈው ወር የሠራሁት አንድ ዘፈን ሲጀምር 104 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ)፣ ሲያልቅ 111 ቢፒኤም ነበር። የመጀመሪያውን ባር (የምቶች አንድ ዙር) መነሻ በጆሮዬ ለይቼ እስከ አራተኛው ባር መጨረሻ ያለውን ክፍል መረጥሁ፣ ፕሮግራሙም ቴምፖውን ከምርጫው አስልቶ ምልክት አኖረ፤ ቀጥሎ ያሉትን አራት ባሮች እንዲሁ እያልሁ በአንድ ሰዓት ተኩል 38 ምልክት አስቀምጬ ጨረስሁ። የሳክስፎኑ ሶሎ በሚገባበት ስፍራ ድራመሩ በአራት ባር ውስጥ ብቻ በ3 ቢፒኤም ስለሚፈጥን እዚያ ላይ በየባሩ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ያስገባሁት አዲስ ከበሮና ቤዝ ከድራመሩ ጋር እየፈጠነ፣ ከእርሱ ጋር እየረገበ ሄደ፤ የድሮው ቅጂ አንድ ጊዜም አልተሳበም። እዚህ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የአሮጌው ቅጂ ትራክ መለኪያ በምት ሳይሆን በጊዜ እንዲሆን አድርጉት፤ አለዚያ ምልክት ባስቀመጣችሁ ቁጥር ቅጂው ራሱ ይንቀሳቀስና ሥራው ሁሉ ይፈርሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ሌሊት አቃጥያለሁ። መሳብ ግድ በሚሆንባቸው ጥቂት ስፍራዎች ደግሞ ድምፅን የሚስበው የዚፕሌን ኢላስቲክ ፕሮ በ60 ዶላሩ ውስጥ ተካትቶ ይመጣል።

ላይቭም ግሪዱ ዘፈኑን እንዲከተል የማድረግ ችሎታ አለው፤ አንዱን ክሊፕ (የገባውን የድምፅ ቁራጭ) መሪ ስታደርጉት የፕሮጀክቱ ቴምፖ ከእርሱ ኋላ ይሄዳል። ከሪፐር በግልጽ የሚበልጥበትም ቦታ አለ፦ በሞተር ምክንያት ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ካሴት ሲያጋጥም፣ ሪፒች በሚባለው ዘዴ ቃናውንና ቴምፖውን አብሮ እንደ ሸክላ ማጫወቻ እየመለሰ ማስተካከል በላይቭ እጅግ ይቀላል። መድረክ ላይ በቀጥታ የምትጫወቱ ዲጄዎች ከሆናችሁም ላይቭን ግዙ፤ በዚያ ሥራ ሪፐር አይወዳደረውም።

ሌላውን የሙዚቃ ፕሮግራም ኤፍ ኤል ስቱዲዮን ለምን እንዳልጨመርሁት የሚጠይቅ አይጠፋም። ቢት ከባዶ ለመሥራት ጎበዝ ነው፣ አንዴ ከተገዛ አዳዲስ ስሪቶቹ ያለ ክፍያ ይመጣሉ፤ ለሚዋልል ቅጂ ግን ምርጫዬ አይደለም። ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በነፃ ስለሚገኝ ካሴት ለመገልበጥ ተጠቀሙበት፤ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ተለዋዋጭ ቴምፖ ስለማይዝ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ድምፃዊውን ከባንዱ ለመለየትም የሚገዛ ነገር የለም፣ ዲሙክስ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይሠራል። የድሮ ዘፈን ሪሚክስ አድርጎ ለሕዝብ ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ግን አትርሱ፤ አንጋፋዎቹ ሙዚቀኞች ከዚህ ሥራ የሚገባቸውን ማግኘት አለባቸው።

በእኛ ሰፈር ኢንተርኔት ደካማ ስለሆነ የማውረጃው መጠንም ከዋጋ ይቆጠራል። የሪፐር መጫኛ በዊንዶውስ ከ20 ሜጋባይት አያልፍም፤ በቀን ጥቅል ይወርዳል። የላይቭ ስዊት ድምፆች በሙሉ ግን ከ70 ጊጋባይት በላይ ናቸው። የሪፐር ፈቃድ በኢሜይል የሚላክ ፋይል በመሆኑ ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚፈቅድ ካርድ የሌላችሁ ውጭ ባለ ዘመድ ማስከፈል ትችላላችሁ፤ ለእኔ እህቴ ናት የከፈለችልኝ። ፈቃዱ በስማችሁ እንዲወጣ ስማችሁን አስቀድማችሁ ጻፉላት። ከዚያ በፊት ግን ሪፐር ምንም ሳይጎድልበት ለ60 ቀን በነፃ ስለሚሞከር፣ ካላችሁ ካሴት ውስጥ እጅግ የሚዋልለውን አንድ ዘፈን መርጣችሁ እርሱን ከመጀመሪያው ባር እስከ መጨረሻው በሪፐር ሥሩት።