ለግንፍሌው ሳይክል ሠሪ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ጋሼ ሳይክል ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ወዴት ልትሄዱበት ነው?» ይላሉ። ምኑ እንደተበላሸ የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህችን ጥያቄ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ በአደባባይ እንዳመሰግናቸው ያነሳሳችኝም እሷ ናት።

ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ቤታቸውን ማግኘት ግን ቀላል ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ስትወርዱ፣ ድልድዩ ጋ ሳትደርሱ፣ አሮጌ ጎማዎች የተንጠለጠሉበት ጠባብ የቆርቆሮ በር አለ። ካጣችሁት ሊስትሮዎቹን «ሳይክል የሚሠሩት ጋሼ የት ናቸው?» በሏቸው። እጃችሁን ይዘው ያደርሷችኋል።

እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ሲደርስ ከተማ ውስጥ አንቀመጥም። በእግርም በሳይክልም የሐይቅ ዳር መዞር እንወዳለን። ሐይቅ ሲባል ብዙ ሰው ሐዋሳንና ላንጋኖን ያስባል። እነሱም ውብ ናቸው። እኛ ግን ልባችን ያለው ኮረብታ ውስጥ ከተደበቁት ጋር ነው፦ ቢሾፍቱ፣ ወንጪ፣ ደንዲ። ሁሉም ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቁ እሳተ ገሞራ የተወልን ናቸው። የቢሾፍቱዎቹ የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት በታች ከውሃ ጋር ሲገናኝ በፈነዳው ፍንዳታ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ናቸው። ወንጪና ደንዲ ደግሞ በትልልቅ ተራሮች አናት ላይ ነው የተኙት። ደንዲ ላይ ሁለት ሐይቆች ተያይዘው ከላይ ሲታዩ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይሠራሉ።

እንዲህ ያለ ሐይቅ ለሳይክል የራሱ ጠባይ አለው። ተራራ ስትወጡ ድካሙ መጀመሪያ ይመጣል፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ሐይቁ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጠዋቱ፣ ጉልበት ሳለ፣ ትወርዳላችሁ። ከሰዓት በኋላ በደከመ እግር ትወጣላችሁ። ስለዚህ ጠዋት የምትፈልጉት ፍሬን ነው፣ ማታ ደግሞ ቀላል ማርሽ። ይህን ያስረዱኝ ጋሼ ናቸው። ወዴት እንደምንሄድ አስቀድመው የሚጠይቁትም ለዚህ ነው። ለጃንሜዳ ዙሪያ የሚበቃ ሳይክል ለወንጪ ቁልቁለት አይበቃም።

የማልረሳላቸውን ነገር ልንገራችሁ። ወንጪ በሳይክል ልንወርድ አስበን መኪና ሁሉ ተከራይተን ነበር። የጓደኛዬ ሳይክል ከጥቂት ቀን በፊት ሌላ ቦታ «ሙሉ ሰርቪስ» ተደርጎ ነበር። ለማንኛውም ጋሼ ይዩት ብለን ወሰድነው። የኋላ ፍሬኑን አንድ ጊዜ ጨበጥ አደረጉትና ፊታቸው ተለወጠ። በካቻቢቴ ፈታ ፈታ አድርገው ሽቦውን ሳቡት። ጫፉ ተበጣጥሶ በጥቂት ክር ብቻ ነበር የያዘው። የፍሬኑ ላስቲክም አልቆ ብረቱ ቸርኬውን መፋቅ ጀምሯል። ለዚያ ሳይክል የሚሆን ሽቦ ደግሞ በዕለቱ አልነበራቸውም።

«ይሄን ይዛችሁ ወንጪ አትወርዱም ልጄ» አሉኝ።

መኪናው ተከፍሎበታል፣ ሰው ሁሉ ተዘጋጅቷል ብዬ ለመንኳቸው። እንዲያው እንደምንም አስተካክለው ብር ሊቀበሉን ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሳይክሉን ወደ ውስጥ አስገብተው አስቀመጡት። «ታዲያ በእግራችሁ ሂዱ! ወንጪ እኮ የእግር አገር ነው። ሳይክል ላይ ሆናችሁ መንገዱን እንጂ ሐይቁን አታዩትም» አሉን። ከእኛ አንዲት ሳንቲም ሳያገኙ ሸኙን።

በእግራችን ሄድን፤ ደስታዬን እስካሁን አልጨረስኩትም። ወንጪ በወሊሶና በአምቦ መካከል ነው። የጉድጓዱ አፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ ውሃው ራሱ ደግሞ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ሰማያዊው ውሃ፣ መሐሉ ላይ ያለችው ደሴት፣ ዙሪያውን የተሰቀለው የእንሰትና የገብስ ማሳ በአንድ ዓይን ይገባል። መውረጃው ላይ የአካባቢው ልጆች ፈረስ ያከራያሉ። ጉልበት ያልጠና ሰው ካለ ለመመለሻው ፈረስ ይያዝ። ታች ጀልባ ተሳፍራችሁ ወደ ደሴቲቱ፣ ወደ ቂርቆስ ገዳም ትሻገራላችሁ። ከዚያ ወዲያ ባለው ሸለቆ ፍል ውሃ አለ። ቦታው በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። የገበታ ለሀገር ሥራ ከተሠራ ወዲህ መንገዱም ማረፊያውም ተለውጧል። ብርዱ ግን አልተለወጠም። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ።

ሽቦው ሲገኝ ጋሼ ራሳቸው ደወሉልን። ፍሬኑን ቀየሩ፣ ኩሽኔታውን አጥበው ግራሶ ሞሉት፣ የላላውን ዳዶ ሁሉ አጠበቁ። ዋጋውን ሥራ ሳይጀምሩ ነው የነገሩን፣ ሲጨርሱም ያችው ናት። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በፌስታል አድርገው ይመልሱላችኋል። «የተቀየረውን እዩት» ይላሉ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ስንቱ ጋ ይገኛል?

በዚያ ሳይክል የሄድነው ቢሾፍቱ ነው። ለጀማሪ የምመክረውም እሱን ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተማዋ ከእኛ ዝቅ ብላ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች መሄጃው ባብዛኛው ቁልቁል ነው፣ መመለሻው ዳገት። የፍጥነት መንገዱ ሳይክል አያስገባም። የድሮው የቃሊቲና የዱከም መንገድ ደግሞ ከባድ መኪና ይበዛበታል። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉን ሳይክሎቹን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ጫንን። አስተሳሰሩንም ያሳዩን እሳቸው ናቸው፦ ካቴናው ያለበት ወገን ወደ ላይ፣ ፔዳሉ ተፈትቶ ቦርሳ ውስጥ፣ ብረት ከብረት የሚነካካበት ቦታ ላይ ጨርቅ።

እዚያ ከደረሳችሁ ሐይቅ ከሐይቅ በሳይክል ቅርብ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ስታዩት ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከዚያ ወደ ሆራ፣ ወደ ባቦጋያ፣ ወደ ኩሪፍቱ ትቀጥላላችሁ። ወፍ የሚወድ ሰው ጨለለቃን አይለፍ፤ ጥልቀት የሌለው ረግረግ ስለሆነ ወፍ ይወደዋል። አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የሐይቆቹ ዳርቻ በአጥር ስለተያዘ ብዙ ቦታ ላይ ውሃውን ለማየት ገብቶ ቡና ማዘዝ ግድ ነው። በአጥሮቹ መካከል ያሉትን የሕዝብ መተላለፊያዎች የሚያውቁት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ጠይቋቸው። ኢሬቻ የሚከበረው ሆራ አርሰዲ ዳር ስለሆነ ከመስቀል በኋላ ባለው በዚያ ሰሞን ሳይክላችሁን ቤት ትታችሁ በዓሉን ለማየት ሂዱ።

ከከተማው ወጣ ስትሉ የአድአ ጤፍ ማሳ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወርቅ የመሰለውን ጤፍ በሁለቱም ወገን እያያችሁ መንዳት ነው። ክረምት ላይ ግን አትሞክሩት። የአካባቢው ዋልካ ጭቃ ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ ሳይክሉን ቀጥ ያደርገዋል።

የግራር እሾህም አለ። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ከመሄዳችን በፊት ሁላችንንም አስቀምጠው ጎማ አስለጠፉን። እሳቸው አልነኩትም፣ እኛው ነን የሠራነው። ካላማዳሪውን ነፍታችሁ ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፣ አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። አድርቃችሁ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቁታላችሁ። ማስቲሽ ቀብታችሁ እስኪደርቅ ትጠብቃላችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ከዚያ ላስቲኩን ለጥፋችሁ በደንብ መጫን ነው። ከሁሉ በላይ ያስጠነቀቁን ግን ሌላ ነገር ነው። መልሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት ዳብሱት። እሾሁ እዚያው ካለ አዲሱንም ይበሳዋል። ባቦጋያ አጠገብ የእህቴ ጎማ ተነፈሰ፤ እሾሁን በጣቷ ፈልጋ አውጥታ ራሷ ለጠፈችው። ጎሚስታ ፍለጋ አልዞርንም።

ሥራ ሲቀልላቸው ጨዋታቸውም ደስ ይላል። ሀገራችን በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ሜልቦርን ድረስ ሄደው ከተወዳደሩት መካከል ብስክሌተኞች እንደነበሩ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የ«መንገድ ለሰው» ዕለት ሕፃናት አስፋልቱን ሞልተው ሲነዱ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ያቀር እንደነበርም አጫውተውኛል። አሁን በኮሪደሩ የተሠሩት የሳይክል መስመሮች ላይ የሚነዱ ወጣቶች በራቸው ላይ ይሰለፋሉ።

ጋሼ፣ ያን ቀን ሳይክሉን ስላልሰጡን እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ እጅዎ ይባረክ።

ለምትሄዱ ሁሉ፦ እሑድ ዝግ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሳይክል አይሠሩም፣ አያውቁትምና በግልጽ ይነግሯችኋል። ከመስከረም ጀምሮ ሥራ ስለሚበዛባቸው ከጉዟችሁ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ውሰዱላቸው። ወዴት እንደምትሄዱም በትክክል ንገሯቸው።