ደሴ ላለው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ምስጋና

በደሴና በአካባቢዋ አሮጌ መኪና የምትይዙ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ደሴ ውስጥ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አለ። ስሙ በአደባባይ እንዲጠራ አልወደደም፤ ምስጋናዬን ግን ሊከለክለኝ አይችልም።

የኔዋ መኪና አሮጌ የናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ከመርሳ ፍራፍሬ ጭኜ ደሴ አመላልስባታለሁ። ታንኩን ሞልቼም የነዳጅ መለኪያው መርፌ ባዶው ላይ ተኝቶ ቀረ። የናፍጣ መኪና ነዳጅ ከጨረሰ መልሶ መቅዳት ብቻ አይበቃም፤ መስመሩ አየር ስለሚይዝ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። ጭነት ይዞ፣ በምሽት፣ ውጫሌ መንገድ ላይ ይህ ቢደርስስ? ጄሪካን ሳይለየኝ፣ ኪሎ ሜትር እየቆጠርኩ ስነዳ ከረምኩ። የሄድኩበት ጋራዥ ደግሞ መኪናዋን በቅጡ ሳያይ «ጌጁ ተቃጥሏል፤ ዳሽቦርዱ ይቀየር» አለኝ።

የደሴው ባለሙያ ግን መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀኝ፦ «የሞተሩ ሙቀት መለኪያስ በደንብ ይሠራል?» ይሠራል አልኩት። «እንግዲያው አብሽር» አለኝና ምክንያቱን አስረዳኝ። በእንዲህ ዓይነት አሮጌ መኪና ሁለቱ መለኪያዎች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ምንጭ ስለሆነ፣ ምንጩ ቢበላሽ ኖሮ ሁለቱም ይዛቡ ነበር።

ከዚያ ከታንኩ ወደ መለኪያው የሚሄደውን ሽቦ ነቅሎ፣ በትንሽ አምፖል በኩል ከመኪናዋ ብረት ጋር አገናኘውና ቁልፉን እንዳበራ ነገረኝ። መርፌው ቀስ እያለ ወደ ሙሉ ወጣ። ቀስ ማለቱ የጤና ነው፤ የድሮ መለኪያ የሚንቀሳቀሰው በውስጡ ያለው ብረት በኤሌክትሪኩ ሞቆ ሲታጠፍ ነው። በዚህች አንዲት ሙከራ መለኪያውም ሽቦውም ደህና መሆናቸው ታወቀ። ያን ሁሉ ብር ላወጣበት የነበረው ዳሽቦርድ ምንም አልነበረበትም!

ቀጥሎ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) አውጥቶ ታንኩ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ፣ ማለትም የነዳጁን ከፍታ ለመለኪያው የሚነግረውን ዕቃ፣ ለካ። እንዳስረዳኝ በእነዚህ ቶዮታዎች ታንኩ ሙሉ ሲሆን 3 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ገደማ፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም ገደማ ያሳያል። የኔው በመካከሉ ነበር፤ እሱም ደህና ነው። የነቀለውን ሽቦ ቦታው መልሶ፣ ከተንሳፋፊው ክዳን ወደ ሻንሲው ሌላ ሽቦ ሲዘረጋ መርፌው ተነስቶ ግማሹን አለፈ። ለካስ ችግሩ የማሳው መስመር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪ እንዲመለስ የሚያደርገው ሽቦ፣ ሻንሲው ላይ የታሰረበት ብሎን ዝገት ነው። ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው፣ አጥብቆ አሰረው፣ ዳግም እንዳይዝግ ግሪስ ቀባው። ታንኩን መክፈት እንኳ አላስፈለገም።

አዲስ ጌጅ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፤ በምን አውቅበታለሁ? እሱ ግን የጉልበቱን ብቻ ተቀበለ፤ እያንዳንዱን ሙከራም አጠገቡ አቁሞ እያሳየኝ ነው የሠራው። ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እጅህ ይባረክ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዱን ስለሰጠኝ ስልኩን እልክላችኋለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ወረፋው ይቀላል። ሌላ ሰው «ይህ ይቀየር» ብሏችሁ ከሆነ ግን ዕቃውን አስቀድማችሁ አትግዙ፤ መጀመሪያ እሱ ይፈትሸው።