ስምንት ወር ከግኑካሽ ጋር፣ እና አንድ የ270 ልዩነት

ለአነስተኛ ድርጅቴ የሂሳብ ሶፍትዌር ስመርጥ መስፈርቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ወርሃዊ ክፍያ የማይጠየቅበት እንዲሆን። ግኑካሽን የጫንኩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ከስምንት ወር በኋላ የምወደው ግን ከዋጋው ጋር በማይገናኝ ጉዳይ ነው። ኢንቮይስ ያወጣል፣ የደንበኞችንና የአቅራቢዎችን ሂሳብ ለየብቻ ይይዛል፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫም ያዘጋጃል፤ ይህን ሁሉ ያለ ችግር ስለሠራልኝ ብዙ የምለው የለኝም። መናገር የምፈልገው በአምስተኛው ወር ስላጋጠመኝ የ270 ልዩነት ነው።

ግኑካሽ የሚሠራው በደብል ኢንትሪ ነው። እያንዳንዱ ግብይት ቢያንስ በሁለት ሂሳቦች ላይ ይመዘገባል፣ በአንዱ ወገን የሚጻፈው የዴቢቱ ድምርም በሌላው ወገን ከሚጻፈው ከክሬዲቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አንድ ወገኑ ብቻ የተሞላ ምዝገባ ሲያጋጥመው ጉድለቱን ለዚሁ በተለየ ሂሳብ ላይ በግልጽ ያስቀምጠዋል። ይህን አይቼ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል እስከሆኑ ድረስ መዝገቤ ትክክል ነው ብዬ አምን ነበር። ነገር ግን ለአቅራቢ የተከፈለ 1,740 በስህተት 1,470 ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱም ወገኖች በእኩል መጠን ስለሚሳሳቱ ሚዛኑ ፈጽሞ አይናጋም። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያጋልጠው ከመዝገቡ ውጭ ያለ ምስክር ነው፤ የእኔ ምስክር የባንክ ስቴትመንት ሆነ።

ቀደም ሲል ሂሳቤን የምይዘው በኤክሴል ነበር፤ የወሩ ቀሪ ሂሳብ ከባንኩ ጋር አልገጥም ሲለኝም «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመር ጨምሬ አልፍ ነበር። መዝገቡ ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር በሚመሳከርበት በግኑካሽ የማስታረቂያ መስኮት ላይ ግን የስቴትመንቱን ቀንና የመጨረሻ ቀሪ ሂሳብ አስገብቼ፣ በስቴትመንቱ ላይ ያሉትን ግብይቶች አንድ በአንድ ምልክት ካደረግኩ በኋላ፣ ከታች የሚታየው ልዩነት ዜሮ እስካልሆነ ድረስ የማጠናቀቂያው ቁልፍ አይሠራም። ሥራውን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይቻላል። ማመጣጠኛ ምዝገባ የሚጨምር ቁልፍም እዚያው አለ፤ በአምስተኛው ወር 270 ተርፎ ሲቀር፣ በለመድኩት መንገድ አልፌው ለመሄድ ያን ቁልፍ ልጫነው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያዳነኝ ሂሳብ ሠራተኞች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ዘዴ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል። 270 ለ9 ሲካፈል 30 ይደርሳል፤ ይህም የተለዋወጡት የመቶና የአሥር ቤት አሃዞች ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ በመካከላቸውም የ3 ብልጫ እንዳለ ይጠቁማል። እንዲህ ያለ አሃዝ ያላቸውን ክፍያዎች ብቻ ለይቼ ስፈልግ 1,470ን አገኘሁት። ምልክት ያደረግኩት የቼኩን ቁጥር ብቻ አይቼ፣ መጠኑን ሳላነብ ነበር። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የአቅራቢው ሂሳብ ነው፤ ኢንቮይሱ 1,740፣ የተመዘገበው ክፍያ 1,470 ስለሆነ ፕሮግራሙ አሁንም የ270 ዕዳ እንዳለብኝ ያሳይ ነበር፣ እኔም በማግሥቱ ልከፍለው በዝርዝር ይዤዋለሁ። ማመጣጠኛውን ተጭኜ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ እከፍል ነበር።

የሚከፈልበት ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰው እዚህ ላይ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ «የእኛ ከባንክዎ ጋር ተገናኝቶ ራሱ ያስታርቃል፤ እርስዎ ለምን ይደክማሉ? ደግሞስ ነፃው ነገር ነገ ቢጠፋ ማንን ይጠይቃሉ?» ድካሙ በወር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በዚያች ሰዓት ውስጥ ገንዘቤ ወዴት እንደሄደ በዓይኔ አያለሁ። መጥፋቱን በተመለከተ፣ የግኑካሽ 1.0 እትም የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኮዱ በጂፒኤል ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ሲሆን፣ የእኔም መዝገብ በራሴ ኮምፒውተር ላይ በኤክስኤምኤል ፋይል ተቀምጧል። ሻጩ እውነት የሚኖረው በሌላ ነገር ነው፦ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ አይችሉም፣ የመጋዘን ዕቃ ቆጠራም የለውም። ብዙ ሠራተኛ ወይም ብዙ ዕቃ ያለው ሰው እኔን ሰምቶ እንዳይጭነው እለምናለሁ።

እኔ ግን አልለውጠውም። እንዲያውም ያለፈውን ዓመት የኤክሴል መዝገብ ከየወሩ ስቴትመንት ጋር እያስታረቅኩ በግኑካሽ እንደገና መመዝገብ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ሦስት ወር ጨርሻለሁ፤ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብዬ ካለፍኳቸው መስመሮች ሁለቱ ለ9 የሚካፈሉ ሆነው ተገኝተዋል።